ረግጦ መውጣት የማይቻልበት ደሴት

ሐይቅ ልብ ያረጋጋል ይላሉ። አያረጋጋም። ቅዳሜ ጠዋት ከአዳማ ተነስቶ ወደ ባቱና ወደ ላንጋኖ የሚጎርፈው ሰው ሁሉ ይህንኑ እየደጋገመ ይሄዳል፤ ሰኞ ግን ባንክ ውስጥ ሰልፍ ላይ እንደ ልማዱ ሲጣላ አየዋለሁ። ስለ ውኃና ስለ ነፍስ ዕረፍት የተጻፉ ብዙ ነገሮች አንብቤአለሁ፤ ጸሐፊዎቹ ወንድም ያልነበራቸው ይመስለኛል። ሐይቅ የሚሰጠው ጊዜ ብቻ ነው። ውኃ መሃል ላይ የሚሠራ ነገር ስለሌለ ሰው ይዞት የመጣውን ያስባል። ፍቅር ይዞ የሄደ ፍቅሩን፣ ቂም ይዞ የሄደ ቂሙን። እኔ ቂም ይዤ ሄድኩ፤ ስመለስም አልጎደለብኝም።

ቂሜ በታላቅ ወንድሜ ላይ ነው። አባታችን የሞተው እኔ ላንጋኖ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ላይ ሳለሁ ነበር። ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ ነው የሚያሠለጥኑን፤ ዕድሜዬን በጽሑፍ የኖርኩትን ሰውዬ። ወደ ማታ ወንድሜ ደወለ።

"አባባን ትንሽ አመም አድርጎታል፤ ያን ያህል አይደለም" አለኝ።

"ልምጣ?"

"ምን ያጣድፍሃል? ሥልጠናህን ጨርስና ብቅ ትላለህ።"

በዚያ ሰዓት አባባ ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ ሳጥን ውስጥ ነበር። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሻይ በሚመስለው የላንጋኖ ውኃ ውስጥ እስከ ደረቴ ገብቼ፣ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ዓሣ ጥብስ ይሻላል ወይስ ለብለብ እያልን እንከራከር ነበር። ኋላ ነገሩን ሳገጣጥመው አባቴ ወደ ጉድጓድ የወረደው ያኔ ነው። ሥልጠናውን ጨረስኩ። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ቤቴ ገብቼ አደርኩና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍተው ግማሹ ሰፈር ነጠላውን ዘቅዝቆ ቆሟል።

ወንድሜ እስከ ዛሬ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው። መንገድ ላይ ደንግጬ አደጋ እንዳይደርስብኝ ብሎ ነው። እኔ መኪና መንዳት አልችልም። የምመጣው በሚኒባስ ነበር። ሾፌሩ በእኔ አባት ሞት ምን ብሎ ይደነግጣል?

የሳጥኑን የፊት እጀታ፣ የእኔን ቦታ ማለት ነው፣ የያዘው የወንድሜ ጓደኛ ነበር። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ የማይለያዩ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ አብረው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ወንድሜ ጴንጤ፣ ጓደኛው ሙስሊም፤ ሱቁ ጓዳ ውስጥ ግን ሽሮአቸውን ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት። በጓደኛው ላይ ቂም የለኝም። ባዶ ቦታ አገኘና ሞላው። ቦታውን ባዶ ያደረገው ሌላ ሰው ነው።

ስለ መርዶ ልማዳችን ሲነሳ ሰዎች "ድሮ መንገዱ ሩቅ ነበር፣ ሰው በእግሩ ነበር የሚሄደው፣ ብቻውን ሰምቶ ገደል እንዳይገባ ነው" ብለው ያስረዱኛል። እንደማላውቀው። የማላምነው ግን ይህ ሁሉ ደግነት ለሟች ቤተሰብ ነው የሚለውን ነው። ቀጥ ብሎ ዓይን እያዩ "ሞቷል" ማለት ያስፈራል፤ ስለዚህ ሰብሰብ ብለን፣ ጎህ ጠብቀን፣ ሽማግሌ አስቀድመን እንሄዳለን። የምንከላከለው ራሳችንን ነው። ሰምቶ የሚያለቅሰው ሰው ወትሮም ማልቀሱ አይቀርለትም፤ የሚቀርበት ቀብሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ወንድሜ የሚወደውን ሰው አፈር ሳያለብስ እንዲቀር። ሰው ይሙትበት ብዬ አልተመኘሁም፤ ሰው ያለ እኔ ምኞትም ይሞታል። የተመኘሁት፣ ሲሞት ወንድሜ አንድ ቦታ ተደላድሎ ዓሣ እየበላ እንዲሆን ነው።

ቤተሰቡ ሊያስታርቀን ደጋግሞ ሞክሯል። እኔም ደጋግሜ ረግጬ ወጥቻለሁ። ሽምግልና ላይ የተበደለ ሰው ያለው መሣሪያ ይኸው ነው፦ ተነስቶ፣ ወንበሩን ገፍቶ፣ ጫማውን ፈልጎ መውጣት። ባለፈው ዓመት ግን ወንድሜን ቤተ ክርስቲያኑ በሽማግሌነት ሊሾመው አሰበ፤ ከገዛ ወንድሙ ጋር የማይነጋገር ሰው ላይ ደግሞ እጅ አይጫንም። ስለዚህ ጉዳዩ አስቸኳይ ሆነ። ከአባቴ ጋር በባቡር ሥራ ያረጁ አንድ የአርሲ ሰው አሉ፤ አባቴን በወጣትነቱ የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር የቀረ የለም። ደጄ ላይ መጥተው በዱላቸው በሩን መቱ።

"ኢልማ ኮ፣" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "አንተ ረግጦ መውጣት ለምደሃል።"

"እግር ስላለኝ ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው እግር የማይሠራበት ቦታ እንወስድሃለን።"

ባቱ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች ወደ አንዷ፣ ትንሽ ወደሆነችው፣ በጀልባ ወስደው ሊያስታርቁን ወስነዋል። ደሴት ላይ ረግጦ የሚወጣ የለም፤ ቢወጣም ጀልባው የጋራ ነው። ይህን ያሰበው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እስቅበት ነበር። የአባቴ ጓደኛ ስለሆኑና እኔም ደሴቷን አይቻት ስለማላውቅ እሺ አልኩ። ስሟን አልጽፍም። ብጽፍ በሚቀጥለው ቅዳሜ ድምፅ ማጉያ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

አራት ሆነን ሄድን፦ ሽማግሌው፣ የእናታችን እኅት፣ ወንድሜና እኔ። መኪናውን የነዳው ወንድሜ ነው። አክስታችን ከአዳማ እስከ ሞጆ ዘመረች፤ ከሞጆ በኋላ በጭነት መኪኖቹ መሃል ስንሽሎኮሎክ ዝማሬው ወደ ጸሎት ተለወጠ። እኔ ከኋላ ወንበር የተቀቀለ እንቁላል የሞላበት የፕላስቲክ ባልዲ ታቅፌ ነበር። መቂን ስናልፍ ሽማግሌው ወንድሜን ጠየቁት።

"ጓደኛህ እንዴት ነው? ሆስፒታል ነው አሉኝ።"

"ኩላሊቱ ነው ጋሼ። ትናንት አይቼዋለሁ፣ ተሽሎታል። ሲስቅ ነበር።"

"ጌታ ይማረው" አለች አክስታችን። እኔም በልቤ አሜን አልኩ። ሰውዬውን አልጠላውም ብያለሁ።

ባቱ ወደብ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ መላጣ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኞች ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ባለጀልባው ጫቱን በጉንጩ የወተፈ፣ አፉ የማያርፍ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ጀልባው ሞተር አለው፤ ቤንዚን ግን በጠፋ ቁጥር ሰውዬው ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ቆርጦ የሰፋውን መጋረጃ ምሰሶ ላይ ይሰቅላል።

"ነፋስ እስካሁን ሰልፍ የለውም" አለን። "መሄጃውን በሸራ፣ መመለሻውን በሞተር። ግን ከእኩለ ቀን በፊት መመለስ አለብን፤ ከዚያ በኋላ ሐይቁ ይነሳል። የሚያድር ካለ ምንጣፍ የለኝም።"

አክስታችን ወንድሜንና እኔን ጉልበት ለጉልበት አገናኝታ አስቀመጠችን። "ተያዩ" አለች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ስልኮቻችንን ለቀመች። "ስልክ ባለበት እርቅ የለም።" የራሷን ግን አልዘጋችም፤ ለድንገተኛ ነገር ነው አለች።

እውነቱን ለመናገር ሸራው ነፋስ ሲይዝ ደስ ይላል። ሞተር የለም፣ ጩኸት የለም፤ እንጨቱ ብቻ ይንቋቋል፣ ውኃው ከሥር ይንሿሿል፣ ባሕር ዳሩ ሳትሰናበተው ይሄዳል። ወንድሜ ዋና አይችልም። የተቀመጠበትን ጣውላ በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ጣቶቹ ነጥተው፣ ዓይኑን ከእኔ ጉልበት ላይ አልነቀለም። አክስታችን ተያዩ ማለቷ እንዴት ያለ ጥበብ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ሲፈራ በቅርብ የማየት ዕድል ሰጠችኝ።

"አይዞህ፣" አልኩት፤ በዚያ ቀን የመጀመሪያ ቃሌ ነው። "ጥልቀቱ ብዙ አይደለም። ሁለት አንተ ብትደራረብ ጫፍህ ይታያል።"

"ተው እንጂ" አለች አክስታችን። ባለጀልባው ሳቀ።

ደሴቷ ከሩቅ አንድ ጉብታ ትመስላለች፤ ስትቀርቧት ግን በየጎኗ ሌላ አገር ናት። መጀመሪያ የደረስንበት ጎን ደንገል የዋጠው ረግረግ ነው፤ የውኃ አበባ ቅጠል ላይ እግረ ረጃጅም ወፎች ያለ ሥራ ይመላለሳሉ። ጥጉን ስንዞር ረግረጉ ያልቅና ጥቁር ገደል ቀጥ ብሎ ከውኃው ይወጣል፤ ላዩ በወፍ ኩስ ኖራ የተቀባ መስሏል፤ ከአንዱ ስንጥቅ ፍል ውኃ እየጨሰ ይወርዳል። ባለጀልባው ሸራውን አዙሮ ከገደሉ አራቀን። ከዚያ ደሴቷ ሐሳቧን እንደገና ትለውጣለች፦ በድንጋይ እርከን የተከፋፈለ የበቆሎ ማሳ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ሣር፣ ሣሩ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ። እዚያ ወረድን።

ሽምግልናው ሾላው ሥር ተጀመረ። ሽማግሌው ስለ አባታችን ተናገሩ፤ ጥሩ ተናገሩ። አክስታችን ጸለየች፤ ረጅም ጸለየች። እንቁላሉ ተላጠ። ከዚያ ወንድሜ እንዲናገር ተጋበዘ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያኔ ባደረግሁት ነገር ቅር ብሎህ ከሆነ" አለ።

"ከሆነ?" አልኩ።

"አስጨርሰው" አሉ ሽማግሌው።

"ቅር ብሎህ ከሆነ ይቅርታ። ግን ያደረግሁት ለአንተ ብዬ ነው። ታላቅ ወንድም ነኝ፤ ማሰብ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።"

"ሰማችሁት?" አልኩ። "ይቅርታውን ከነማስጠንቀቂያው ነው የሰጠኝ።"

"አንተ ልጅ፣" አለች አክስታችን፣ "ቃል አትሰንጥቅ። ሥራህ መሆኑን እናውቃለን።"

"አባቴን መቅበር ሥራዬ ነበር። እሱን ነው የነጠቀኝ።"

"የሞተ ሞቷል። ቀብር ላይ ብትቆም ይነሳ ነበር?" አለ ወንድሜ።

ተነሳሁ። የምገፋው ወንበር ስላልነበረ የእንቁላሉን ባልዲ ገፋሁት። ጫማዬን አላወለቅሁም ነበርና የምፈልገውም አልነበረኝም። ረግጬ ሄድኩ። ከኋላዬ የሽማግሌው ሳቅ ተሰማኝ፤ "ይሂድ፣ ይሂድ። ዞሮ እዚሁ ነው።"

ልክ ነበሩ፤ እኔም ስለማውቀው በዝግታ ሄድኩ። ከማሳዎቹ አልፎ መሬቱ ወደ ታች ይሰበርና አንድ ትንሽ ገባ ያለ ዳርቻ ይገኛል፤ ሙሉውን ጠጠር ነው። ጠጠሩ ግን ጠጠር አይደለም፤ ድሮ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ እንደ ዳቦ ውስጡ የተበሳሳ ቀላል ድንጋይ ነው። ውኃው ዳር ላይ እየተንሳፈፈ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዱን አንስቼ ወረወርኩ፤ አልሰመጠም። ሌላ ወረወርኩ። ተናድዶ ድንጋይ ለሚወረውር ሰው ከዚህ የባሰ ባሕር ዳር አላውቅም። ከላይ አንድ ዓሣ አዳኝ ንስር ጮኸ። ውበቱን አልክድም፤ አየሁት፣ ወደድኩት፣ ወንድሜንም አልረሳሁም።

ኮቴ ሰማሁ። አክስታችን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ እኔ ትወርዳለች። ልትለምነኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ።

"ዝም ብለህ ስማኝ" አለች። "አሁን ደወሉልኝ። የወንድምህ ጓደኛ አረፈ። ዛሬ ጠዋት።"

"ቀብሩ መቼ ነው?"

"ዛሬውኑ፣ ከአስር ሰላት በኋላ። እነሱ አያቆዩም።"

ፀሐይዋን አየሁ። አስር ሰላት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ረፋዱ ገና አላለቀም፣ ነፋሱም አልተነሳም። አሁን ብንነሳ ይደርሳል። "ነገርሽው?" አልኳት።

"ምን ብዬ ልንገረው? ከትናንት ማታ ጀምሮ ጾም ነበር፣ ገና እህል አልቀመሰም። ውኃ ላይ ነን፤ እሱ ደግሞ ውኃ ይፈራል። ደንግጦ አንድ ነገር ቢሆንስ? እርቁም አላለቀ። ከውኃው ስንወርድ ባቱ ላይ ቀስ ብለን እንዋልና ቤቱ እናድርሰው፤ ነገ ጠዋት ሰው ሰብስበን እንነግረዋለን።"

"ቀብሩስ?"

"ለቅሶው ይደርሳል።" ክንዴን ያዘችው። "ጋሼም ይህንኑ ነው ያሉት። አንተም ፊትህ ላይ ምንም እንዳይታይ። ዛሬ እንኳ ወንድም ሁንለት።"

ዓይኗን አበሰች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ፈገግታ ለብሳ ወደ ሾላው ተመለሰች።

ጠጠሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለዓመታት የተመኘሁት ነገር በሰፌድ ቀርቦልኛል። ማድረግ የነበረብኝ ምንም አልነበረም። ወደ ሾላው መመለስ፣ እንቁላል መላጥ፣ እንዲያውም እጄን ዘርግቼ "ይቅር ብዬሃለሁ" ማለት እችል ነበር። ሁሉም ያለቅሱ ነበር። እሱ እንቁላሉን በጨው እየነካ ሲበላ፣ አዳማ ላይ ጓደኛውን ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ ይወስዱት ነበር። ነገ ጎህ ሲቀድ ከነጠላ ለባሾቹ መሃል እኔም እቆማለሁ። በሩን ሲከፍት ፊቱን አያለሁ። "መንገድ ላይ እንዳትደነግጥ ብለን ነው" እለዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን በቃሌ አዘጋጀሁት፤ ድምፄን ሁሉ መረጥኩለት። ብዙ ነገር ጽፌ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያማረኝ የለም።

ከዚያ አንድ ነገር ታየኝና ጣዕሙ ከአፌ ጠፋ። ወንድሜ ይህን እንደ በቀል አይቆጥረውም። አልቅሶ ሲያበቃ አቅፎኝ ያመሰግነኛል። "አየህ፣ አንተም ለእኔ ብለህ ደበቅኸኝ። አሁን ገባህ" ይለኛል። ዝም ማለቴ ያኔ ያደረገውን ሁሉ የሚያጸድቅ ማኅተም ይሆንለታል፤ በገዛ ወንድሙ እጅ የተመታ። ሽማግሌዎቹ ይባርኩናል። በደሉ ልማድ ይሆናል፣ ልማዱ ፍቅር ይሆናል፣ እኔም የፍቅሩ ምስክር። በዚህ አገር ሰውን በዝምታ መበቀል አይቻልም፤ ዝምታን ስጦታ አድርገነዋል። የቀረኝ በቀል አንድ ብቻ ነበር፦ እሱ ለእኔ ማድረግ የነበረበትን እኔ ለእሱ ማድረግ፣ ፊት ለፊቱ፣ ያለ ለዛ።

ለምን ነገርከው ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች መልካም መልስ ይጠብቃሉ። ያለኝ መልስ ይህ ነው።

ሾላው ሥር ስደርስ ሽማግሌው ተረት እያወሩለት ነበር። ወንድሜ የተላጠ እንቁላል በእጁ ይዟል። ፊቱ ቆምኩ። አክስታችን ራሷን ነቀነቀችብኝ።

"ጓደኛህ ዛሬ ጠዋት ሞቷል" አልኩት። "ቀብሩ ከአስር ሰላት በኋላ ነው። አሁን ከተነሳን ትደርሳለህ።"

እንቁላሉ ከእጁ አልወደቀም። ይዞት ቀረ። መጀመሪያ አክስታችንን አየ፤ እሷ መሬት አየች። ሽማግሌውን አየ፤ እሳቸው ዱላቸውን አዩ። ከዚያ ሁሉም ያውቁ እንደነበር ገባው። ያን ፊት ነው ለዓመታት ስጠብቅ የኖርኩት፤ ሰው ሁሉ እያወቀ እሱ ብቻ የማያውቅ ሰው ፊት። ጎህ ሲቀድ ደጄ ላይ እኔ የነበረኝ ፊት ነው። ጠግቤ አየሁት።

"እንዲህ ነው መርዶ?" አሉ ሽማግሌው።

"አዎ ጋሼ። እንዲህ ነው።"

አክስታችን ትከሻዬን በጡጫ መታችኝ። "ድንጋይ ነህ። የእናትህ ልጅ አይደለህም።"

ወንድሜ በጉልበቱ ተደፍቶ ሣሩን ያዘ። ጓደኛውን በስም ጠራው፣ ደጋግሞ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "አረመኔ" አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስረዳኝ ሁሉ። ተነስቶም ወደ ጀልባው ሮጠ። ውኃ የሚፈራው ሰውዬ ከነጫማው እስከ ወገቡ ገብቶ ጀልባውን ይገፋ ጀመር።

"ቆይ፣ መልሕቁ ሳይነሳ" አለ ባለጀልባው። ሰማዩን አይቶ ጫቱን ተፋ። "አሁን ከሆነ አሁን ነው። ሌላ እርቅ የቀራችሁ ካለ ውኃው ላይ ጨርሱት።"

ሸራው ወርዶ ተጠቀለለ፣ ሞተሩ ተነሳ። ግማሽ መንገድ ላይ ነፋሱ ከጎን መጣ። ያ ጠዋት ዝም ብሎ የነበረ ሐይቅ ጭቃ መስሎ ተነሳ፤ ማዕበሉ በጀልባው ጠርዝ ላይ እየዘለለ ጭናችን ላይ ይፈስሳል። አክስታችን ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች፤ ሽማግሌው በኦሮምኛ ከፈጣሪ ጋር ይከራከራሉ። ባለጀልባው የእንቁላሉን ባልዲ ወረወረልኝና "ቅዳ" አለኝ። ከወንድሜ እግሮች መሃል ውኃ እየቀዳሁ ወደ ውጭ ደፋሁ። እሱ ጣውላውን አልያዘም ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ ጀልባውን በደረቱ የሚገፋ ይመስል፣ ወደ ባቱ አፍጥጦ ነበር። አንድ ጊዜ አስታወከ፤ አፉን በእጅጌው ጠርጎ እንደገና አፈጠጠ።

"ተሠቃየ?" አለ። ለማን እንደሆነ አላወቅንም።

"አላውቅም" አልኩት። በሰላም አረፈ ማለት እችል ነበር። የማላውቀውን አልነግረውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ብዙ ተነግሮኛል።

መኪናውን ባለጀልባው በጠራልን ሾፌር አስነዳን፤ ወንድሜ ቁልፉን አሳልፎ ሰጠው። መቃብሩ በር ላይ ስንደርስ ወንዶቹ ጀናዛውን፣ የሟቹን ቃሬዛ፣ ከፍ አድርገው እየገቡ ነበር። ወንድሜ መኪናው ሳይቆም ወረደ። ሱሪው እስከ ወገቡ ርጥብ፣ አንድ ጫማው የለም፤ ሐይቁ ውስጥ ቀርቷል። ሰዎቹ አዩት፣ አወቁት፣ አንዱ ከሥር ወጣና ቦታውን ለቀቀለት። ገባ። ተሸከመ። እስከ ጉድጓዱ ድረስ ተሸከመ፤ ከሌሎቹ ጋር አፈር መለሰ።

እኔ ግንቡ አጠገብ ቆሜ አየሁ። ያዘንኩለት መስሏችሁ ከሆነ ልንገራችሁ፤ ተናደድኩ። እኔ የተነጠቅሁትን ነገር እሱ በሙሉ አገኘው፤ ያውም በእኔ እጅ። እኔ የአባቴን ሳጥን አልነካሁም። እሱ ጓደኛውን በትከሻው አደረሰ። ይህ ሚዛን ነው የሚል ካለ ሚዛን አያውቅም።

አሁን ቤተሰቡ ውስጥ ወንጀለኛው እኔ ነኝ። አክስታችን በየለቅሶ ቤቱ ታወራለች፤ ወንድሙን ውኃ መሃል ላይ በመርዶ ሊገድለው ነበር ትላለች። ወንድሜ መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገራል፤ ድሮ የምሻገረው እኔ ነበርኩ። ተበቀለኝ ይላል አሉ፤ እውነቱን ነው። ሹመቱ በይደር ቆሟል። ሽማግሌው እንደገና ደጄን መተዋል፤ በዚህኛው እርቅ ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ።

"ጋሼ፣" አልኳቸው፣ "አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ባልነገርኩት ኖሮ ይሻለው ነበር? ይሻለኝ ነበር ካለ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።"

"ይህን አልጠይቀውም።"

"ለምን?"

"መልሱን ስለማውቀው" አሉና ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ሌላ ሰው ጠይቆት እንደሆነ አላውቅም። እስካሁን ግን ይሻለኝ ነበር የሚል ቃል ከእሱ ዘንድ አልመጣልኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ ይቅርም አላልኩም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከመካከላችሁ በዚህች ሰዓት ሞት የምትደብቁበት ሰው ያላችሁ ትኖራላችሁ። ፈተናውን ይጨርስ፣ በሰላም ትውለድ፣ መንገድ ላይ ነው፣ እህል አልቀመሰም እያላችሁ ነው። ጎህ አትጠብቁ፤ ሽማግሌም አትሰብስቡ። ስልኩን አንሱና አሁን ንገሩት። ቢፈልግ ይርገማችሁ።